«ሰዓት እየቆጠርኩ ነው የማድረው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሰባት ወር በፊት የዓመቱን ሂሳብ በምንዘጋበት ሰሞን ሥራ ተደራርቦብኝ እንቅልፌ ተዛባ። ሥራው ካለቀ ቆየ፤ እንቅልፌ ግን አልመለስ አለ። እንዲክሰኝ ብዬ ማታ 3 ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ እገባለሁ። መብራት ሳጠፋ ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። ስልኬን ገልጬ ሳይ 5 ሰዓት፤ ስገላበጥ ቆይቼ ደግሞ ሳይ 6 ተኩል። «አሁን ቢወስደኝ እንኳ የምተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ነው» እላለሁ። እንዲህ ቀሪውን ስቆጥር 7 ሰዓት ገደማ ይወስደኛል፤ 12 ሰዓት ላይ ደወሉ ይቀሰቅሰኛል። ቀን ቀን ራሴን ያዞረኛል፣ ቁጥር ይምታታብኛል፣ ያለ ነገር እቆጣለሁ። ከሥራ ስወጣ 11 ሰዓት ላይ ቡና ካልጠጣሁ ቤቴ የምደርስ አይመስለኝም። ቅዳሜና እሁድ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት እተኛለሁ። ሰው ሁሉ «ባይወስድሽም ዓይንሽን ጨፍነሽ ጋደም በይ፣ ማረፉ ይበቃል» ይለኛል። እውነት ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ቆም ያልኩት «እንዲክሰኝ ብዬ ማታ 3 ሰዓት ላይ» የምትይው ቦታ ላይ ነው። አንቺ መፍትሔ ነው ብለሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ግን ችግሩን ሰባት ወር ያቆየው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሂሳብ ሰው ነሽና አብረን እናስላው። ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ የምትተኚው አምስቱን ነው። አራቱ ሰዓት በጨለማ ነቅተሽ፣ ልብሽ እየመታ፣ ስልክ እየገለጥሽ የሚያልፍ ነው። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ሰውነት ይማራል። አልጋ ማለት መንቂያ፣ መጨነቂያ፣ ቀሪ ሰዓት ማስያ ነው ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ገና ትራሱን ስትነኪው መንቃት ይጀምራል።

ይህ በእኔም ደርሷል። ለአሥራ አንድ ዓመት በሌሊት ተረኝነት ሠርቼ ወደ ቀን ሥራ ስዛወር እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማታ ሳሎን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ ሳጣጥፍ አንገቴ ዘንበል ይላል፤ የያዝኩት ፎጣ ከእጄ ያመልጠኛል። «መጣልኝ» ብዬ ወደ መኝታ ቤት እሄዳለሁ። ብርድ ልብሱን ስገልጥ እንቅልፉ ብን ብሎ ይጠፋል። ከጥቂት እርምጃ በፊት እየጣለኝ የነበረው እንቅልፍ! ስምንት ወር እንዲህ ሆንኩ። ያን ጊዜ ያማከርኩት ሐኪም «ሐሳብ ቀንሺ» ብሎ ሸኘኝ። ሐሳብ በትእዛዝ እንደማይቀንስ አንቺም ታውቂዋለሽ። በኋላ የእንቅልፍ ችግርን በንግግርና በልምድ ለውጥ የምታክም ባለሙያ አገኘሁ። ዛሬ የምነግርሽን አብዛኛውን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ ያስረዳችኝ ነገር እንቅልፍን የሚያባርረውና እንዳይመለስ የሚያደርገው ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ነው። አርተር ስፒልማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ሥራ መደራረብ፣ ሐዘን፣ ሕመም፣ ወሊድ እንቅልፍን ያዛባሉ። አብዛኛው ሰው ምክንያቱ ሲያልፍለት እንቅልፉም ይመለስለታል። የማይመለስለት የጠፋውን ለማካካስ ሲል ልማዱን የለወጠው ሰው ነው። በጊዜ መተኛት ይጀምራል፣ ጠዋት ያረፍዳል፣ ቀን ያሸልባል፣ ቡና ይጨምራል። የአንቺ የሂሳብ መዝጊያ ካለቀ ቆይቷል፤ ማካካሻው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ለምን እንደሚጎዳሽ ልንገርሽ። ከነቃንበት ደቂቃ ጀምሮ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ብዙ በቆየን ቁጥር ይበዛል፤ እየበዛ ሲሄድ እንቅልፍ ይጫነናል። ስንተኛ ይቀንሳል። እሁድ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ከተኛሽ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከነቃሽ ገና አሥራ አንድ ሰዓትሽ ነው። የተጠራቀመው አነስተኛ ነው፤ እንቅልፍ ከየት ይምጣልሽ? የሰኞ ጠዋቱ ድካምሽ መነሻው እዚህ ነው። ቡናው ደግሞ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙን አያጠፋውም፤ እንዳይሰማሽ ይሸፍነዋል እንጂ። ካፌይን ከሰውነት በግማሽ የሚቀንሰው በአማካይ በአምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። በዚህ ስሌት የ11 ሰዓቱ ቡናሽ ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሩቡም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ገና ደምሽ ውስጥ አለ። ስለዚህ ቡናሽን ጠዋት ጠጪው። ከምሳ ወዲያ ይቅርብሽ። ስለ ቡና ከዚህ በላይ አልልሽም፤ ዋናው ነገር እሱ አይደለምና።

ዋናው ነገር አልጋ ላይ የምታሳልፊውን ጊዜ መቀነስ ነው። እንቅልፍ ላጣ ሰው «ዘግይተህ ተኛ» ማለት ጭካኔ ይመስላል። እኔም ስሰማው ተቆጥቼ ነበር። ግን እንዲህ አድርጊ፦ የምትነሺበትን ሰዓት 12 ላይ ቸንክሪው። ቅዳሜም፣ እሁድም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኚ ብታድሪም 12 ሰዓት ላይ ተነሺ። የምትተኚበትን ደግሞ ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ግፊው። አዎ፣ 6 ሰዓት ተኩል። አልጋ ላይ የምትቆዪው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል፤ አሁን በእውነት ከምትተኚው ትንሽ የሚበልጥ ማለት ነው። ከዚህ በታች ግን እንድትወርጂ አልፈቅድልሽም።

አንድ ሳምንት ከሄድሽበት በኋላ ስሌቱን እንደገና ሥሪው። የተኛሽውን አልጋ ላይ ከቆየሽበት ጋር አነጻጽሪ። ከመቶ 85 እጁን ከተኛሽ፣ ማለትም በአንቺ ሁኔታ አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል፣ መኝታሽን በ15 ደቂቃ ወደ ኋላ መልሺውና በ6 ሰዓት ከሩብ ተኚ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ 15። ቀን ቀን ደኅና ሆነሽ የምትውይበት ልክ ላይ ስትደርሺ ትቆሚያለሽ። ለአብዛኛው ጎልማሳ ሰው ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው የሚመከረው፤ ግቡም ወደዚያ መመለስ ነው። መጀመሪያ ግን የተበጣጠሰው እንቅልፍ አንድ ወጥ ይሁን፣ ከዚያ ይረዝማል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። ከበፊቱ የባሰ ድካም ይሰማሻል፤ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ እየተጫነሽ መኪና አትንጂ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ስሜቱ ከከፍተኛ ፍንጠዛ ወደ ከባድ ድብርት የሚዋዥቅ ሕመም ያለበት፣ ወይም እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰው ይህን ሰዓት የመቀነስ ዘዴ ያለ ሐኪም ክትትል መሞከር የለበትም። እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጋደም ብትይ ይበቃል ወይ? አይበቃም። ሰው ለአንቺ ብሎ ነው የሚመክርሽ፣ ግን እንቅልፍ ለራቀው ሰው ይህ ምክር አይሆንም። ነቅተሽ የተጋደምሽባት እያንዳንዷ ሰዓት ያንን የአልጋና የጭንቀት ቁርኝት ታጠብቀዋለች። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሕግ ቀላል ነው፦ አልጋ የእንቅልፍና የትዳር ቦታ ብቻ ይሁን፤ ካልወሰደሽ ተነሺ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ። አሥር ጊዜም ቢሆን።

«ካልወሰደሽ» ማለት ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሃያ ደቂቃውን ግን በሰዓት እንዳትለኪው። ስልክሽን ሌላ ክፍል አሳድሪው፤ ለደወል ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው። «ስንት ቀረኝ» የሚለውን ሂሳብ የሚመግበው የሰዓቱ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ካላየሽ የምትደምሪውና የምትቀንሺው የለም። ሐሳብሽ መሮጥ ሲጀምር፣ ትከሻሽ ሲወጠር፣ ትራሱን ለሦስተኛ ጊዜ ስትገለብጪ ጊዜው አልፏል ማለት ነው፤ ተነሺ።

የት ትሄጃለሽ? ይህን ቀን ላይ አዘጋጅው። በሌሊት በብርድ ቆሞ ቦታ መፈለግ ሰውን ተመልሶ እንዲተኛ ይገፋፋዋል። እኔ መስኮት አጠገብ አንድ ወንበር ነበረኝ። ጀርባው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ከጎኑ ብርሃኗ ደከም ያለ ትንሽ መብራት፣ ቅርጫት ውስጥ ደግሞ ቁልፋቸው የወለቀ ሸሚዞች። መርፌ አስገባለሁ፣ አንድ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ክሩን እቋጥራለሁ፣ ሌላ አነሳለሁ። ለእጅ ሥራ ይሆናል፤ ልብ ግን አያንጠለጥልም። ልብ የሚሰቅል ታሪክ አይሆንም፣ ምክንያቱም መጨረሻውን ለማወቅ ትነቂያለሽ። የመሥሪያ ቤት ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። በመጀመሪያው ሌሊት አራት ቁልፍ ተከልኩ፤ በሁለተኛው ስድስት። በአሥረኛው ቀን ገደማ አንዱን ቁልፍ ሳልጨርስ መርፌው ሸሚዙ ላይ ተሰክቶ ቀረና ተነሥቼ ሄድኩ። ያን ሌሊት ብርድ ልብሱን ስገልጥ እንቅልፉ አልጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዪልኝ፤ ድካምና እንቅልፍ አንድ አይደሉም። ድካም ሰውነት ሲዝል፣ ጭንቅላት ሲከብድ፣ ምንም አለመሥራት ሲያምርሽ ነው። እንቅልፍ ደግሞ ዓይን ሲቆጠቁጥና ሲከደን፣ ማዛጋት ሲደጋገም፣ አንዱን መስመር ሁለቴ ሦስቴ ስታነቢ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ የሚያስገባሽ ድካም ነው። ለደከመው ወንበር ይበቃዋል፤ አልጋውን እንቅልፍ ሲመጣ ግቢበት። 6 ሰዓት ተኩል ደርሶም ዓይንሽ ካልከበደ ትንሽ ቆዪ።

ስለ ሐሳቡም ልበልሽ። አልጋ ላይ የሚመጣው ሐሳብ አብዛኛው ያልተቋጨ ነገር ነው፤ ያልተላከ ወረቀት፣ ያልተመለሰ ስልክ፣ ነገ የሚጠብቅሽ ሰው። ይህን ወረቀት ላይ አውርጂው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ ጥናት 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ ወደፊት የሚሠሩትን፣ ግማሾቹ የሠሩትን ጻፉ። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዘርዘር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ቀደሙ። ስለዚህ «ሥራ አለብኝ» ብለሽ አትለፊው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የክፍያ ሰነዱን አይቼ ፈርሜ አስተላልፋለሁ» ብለሽ ጻፊው። እኔ ግን አልጋ ጠርዝ ላይ ሆነሽ ባትጽፊ እመርጣለሁ። እራት ከመብላትሽ በፊት ጻፊና ደብተሩን ዘግተሽ ሌላ ክፍል ተዪው።

አልጋ ውስጥ ሆነሽ «ልተኛ፣ ልተኛ» የሚል ግፊት ሲይዝሽ ደግሞ ተቃራኒውን ሞክሪ። በጨለማው ውስጥ ዓይንሽን ገልጠሽ «ትንሽ ነቅቼ ልቆይ» በይ። ሳትንቀሳቀሺ፣ ስልክ ሳትነኪ፣ ዝም ብለሽ። ሐሳብሽ መሮጥ ከጀመረ ግን ቅድም እንዳልኩሽ ተነሺ። እንቅልፍ ሲታገሉት ይርቃል፤ ትግሉን ስትተዪ ሰውነትሽ ይላላል። ይህም በሕክምናው ውስጥ ያለ የታወቀ ዘዴ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትነሺ መጋረጃውን ገልጠሽ ወይም ወጣ ብለሽ ብርሃን አግኚ። የሰውነታችንን የቀንና የሌሊት ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚያስተካክለው ዓይናችን ውስጥ የሚገባው የጠዋት ብርሃን ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የታወቀ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ ይቅደም ብሏል። ሥር የሰደደ የሚባለውም በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። የአንቺ ሰባት ወር ሆኖታል። አንድ ወረቀት ውሰጂና በየጠዋቱ ሦስት ነገር መዝግቢ፦ አልጋ የገባሽበት፣ በግምት የወሰደሽ፣ የተነሣሽበት። በግምት ነው ያልኩት፤ ለመመዝገብ ብለሽ በሌሊት ሰዓት እንዳታዪ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ላኪልኝ፤ ስሌቱን አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ 52 ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» ትለኛለች። እኔ ግን ሌሊት ስነቃ ስታንኮራፋ እሰማታለሁ። ስነግራት ትቀየመኛለች፤ አንዳንዴም ታለቅሳለች። የምትዋሸኝ አይመስለኝም። ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትዋሽህም። ተረኛ በነበርኩ ጊዜ አንዲት አዛውንት ታካሚ ነበሩ። በየሁለት ሰዓቱ ስዞር ትንፋሻቸው ረጋ ብሎ፣ አፋቸው ገርበብ ብሎ ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ጠዋት «ልጄ፣ አንዲት ደቂቃ አልተኛሁም» ይሉኛል። አንድ ቀን «እማማ፣ ተኝተዋል እኮ፤ እኔ አይቼዎታለሁ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ያን ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። እሳቸው የነገሩኝ መከራቸውን ነበር፤ እኔ ክርክር አደረግሁት።

እንቅልፋቸው የተረበሸባቸው ሰዎች የተኙትን አሳንሰው መገመታቸው በሕክምናው የታወቀ ነገር ነው። እንቅልፉ ስስ ከሆነ፣ መሐል መሐሉ ላይ ብዙ መንቃት ካለ፣ አእምሮ የነቃባቸውን ደቂቃዎች አያይዞ እንደ አንድ ረጅም ሌሊት ያስታውሳቸዋል። ስለዚህ ማስረጃ አታቅርብላት። «ሌሊቱ ከበደሽ አይደል?» በላት።

ማንኮራፋቷን ግን ቁም ነገር አድርገህ ያዘው። ትንፋሿ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ከዚያ እንደ መታነቅ አድርጓት በኃይል ይመለሳል? ጠዋት ራሷን ያማታል? ቀን ቁጭ ባለችበት ታንጎላጃለች? እንዲህ ከሆነ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም ሊሆን ይችላል። እሷ የማታየውን የምታየው አንተ ነህና የሰማኸውን ለሐኪም አብረሃት ሄደህ ተናገር። ሴቶች ላይ ወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ አካባቢ ይህ ሕመም እየበዛ ይሄዳል፤ «ሴት አይዘውም» የሚል ሰው ካለ አትስማው። እስኪታወቅ ድረስ ከላይ ለእህታችን የነገርኳትን ሰዓት የመቀነስ ዘዴ እንዳትጀምሩ።

ጥያቄ፦ የእንቅልፍ ኪኒን ሁለት ዓመት ወሰድኩ። አሁን ያለሱ አልተኛም። ዛሬውኑ ልጣለው?

መልስ፦ ዛሬውኑ አትጣለው። ስሙን አልጻፍክልኝም፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ በኋላ በድንገት ሲቆሙ እንቅልፍ ማጣቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ በአንዳንዶቹም መንቀጥቀጥና ራስን የሚያስት መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ያን የመጀመሪያ ክፉ ሌሊት ያየ ሰው «ያለሱ መኖር አልችልም» ብሎ ይደመድማል። ያየው ግን መድኃኒቱ ሲወጣ ያለውን መንገጫገጭ ነው። ወደ ያዘዘልህ ሐኪም ሂድና በትንሽ በትንሹ የሚቀነስበት መርሐ ግብር እንዲያወጣልህ ጠይቅ፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። እየቀነስክ ሳለ የመነሻ ሰዓትህን አንድ አድርገህ ያዝ፣ ወንበርህንም አዘጋጅ። በምትኩ አልኮል እንዳትሞክር፤ ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይበጣጥሰዋል፣ ከኪኒኑ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ስትሄድ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘህ ሂድ፤ መጠኑን ከቃል ይልቅ ከማሸጊያው ማንበብ ይሻላል።